ጽሑፍ የሚያወጣው ይጠየቅበት፦ የዓይነ ስውራን የማንበብ መብትና የሕጋችን ድርሻ

በደሴ ከተማ ለመምህራን፣ ለሕግ ባለሙያዎችና ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አባላት ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የማኅበራት አባላት፣ መምህራን፣ የፍትሕ አካላት ባልደረቦችና ተማሪዎች፤

ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ከአውሮፓ የመጣ መድኃኒት ካርቶን ብትዳስሱ፣ ከታተመው ጽሑፍ በላይ ብቅ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች አልፎ አልፎ ጣታችሁን ይነኩታል። ነጥቦቹ የመድኃኒቱ ስም በብሬል የተጻፈባቸው ናቸው። እዚያ የተገኙት የፋብሪካው ባለቤት ለዓይነ ስውራን አዝኖ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የመድኃኒቱ ስም በማሸጊያው ላይ በብሬል እንዲሰፍር ስላስገደደ ነው። የተጻፉት በላቲን ፊደል በመሆኑ ለአብዛኛው የደሴ ዓይነ ስውር የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት ነው። የሕግ ሰው ግን ከነሱ የሚማረው አለ፤ ግዴታው የወደቀው በዓይነ ስውሩ በሽተኛ ላይ ሳይሆን ካርቶኑን በሚያትመው ላይ ነው፣ የወደቀውም ካርቶኑ ከማተሚያ ቤት ከመውጣቱ በፊት ነው።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የመጣሁት ሐሳብ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። መጽሐፉ፣ ማስታወቂያው፣ ውሉ፣ አዋጁ መጀመሪያ ለሚያይ ሰው ብቻ ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ ዓይነ ስውሩም ከዚያ በኋላ የሚያነብለት ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ፈቃደኛ ተማሪ ሲፈልግ ይውላል። ሕጋችን ይህን አሠራር ከመለወጥ ይልቅ አብሮት ኖሯል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ አጽንቶታል። የማንበብን ጉዳይ ከበጎ አድራጎት አውጥተን ወደ ግዴታ የምናስገባው፣ ጽሑፉን የሚያወጣው ክፍል ራሱ ጽሑፉን በሚያወጣበት ሰዓት ተጠያቂ እንዲሆን ስናደርግ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር በቁጥር እንይ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገሪቱ ያሉ አካል ጉዳተኞችን በሙሉ ደምሮ ያገኘው ከሕዝቡ አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ግን ዓይነ ስውራን ብቻቸውን 1.6 በመቶ፣ የማየት አቅማቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ 3.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። አንዱ ክፍል ከጠቅላላው በልጦ ከተገኘ፣ ቆጣሪው በየቤቱ ሲያልፍ ሳያያቸው የቀሩ፣ ወይም ቤተሰቦቻቸው ያልተናገሩላቸው ብዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው። በጀት የሚመደበው ደግሞ ለተቆጠረ ሰው ነው።

ያው ጥናት ሌላም ነገር ነግሮናል። ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት መካከል ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 49.9 በመቶውን የሚይዘው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ በትራኮማ የሚመጣው የዓይን ጠባሳ 11.5 በመቶ ነው። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የዓይን ሞራ በአብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ፣ ትራኮማም ዓይንን የሚያጠፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ ከዓይነ ስውራኑ መካከል ፊደል ቆጥረው፣ ደብዳቤ ጽፈው፣ መዝገብ ይዘው ከኖሩ በኋላ ብርሃናቸውን ያጡ አሉ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ማንበብን የሚያጡት ለሁለተኛ ጊዜ መሃይም በመሆን ነው። የእኛ ፖሊሲዎች ግን ስለ ብሬል ሲያወሩ የሚያስቡት ትምህርት ቤት የሚገባውን ሕፃን ብቻ ነው። የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው ብሬል ወይም የኮምፒዩተር ንባብ ተምሮ ወደ ሥራው የሚመለስበትን መንገድ የዘረጋ ሕግ በእጃችን የለም።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ምድር ዓይነ ስውርነት ከዕውቀት የሚለይ ሆኖ አያውቅም። በቅኔ ቤቱ የቃል ትምህርት ማየት የተሳነው ተማሪ ከሌላው እኩል ተቀምጦ ከመምህሩ አንደበት ይቀበላል፤ በዳናም ሆነ በጀማ ንጉሥ በኩል ባለው የእስልምና ትምህርት ቁርኣንን በቃሉ ያጸና ዓይነ ስውር ሓፊዝ የተከበረ ሰው ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ካየነው መገፋትም በብዙ የተሻለ ነው። ነገር ግን ይኸው ክብር አንድ ስህተት እንድናስብ አድርጎናል። ዓይነ ስውር ጆሮና የማስታወስ ችሎታ ካለው ይበቃዋል፣ ሌላው ያንብብለት እንላለን።

አይበቃውም። በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው ቃሉ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚያርፍ፣ አንዱ አንቀጽ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ አያገኝም፤ ስለዚህ ይሰማል እንጂ አይጽፍም። ሲነበብለት የሚያነበው ሰው ፍጥነት፣ ስሜትና ምርጫ በመካከል ይገባል፤ አንባቢው ያልጣመውን ሊዘል፣ የደከመውን ሊያሳጥር ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስተኛውን መስመር ማየት፣ አንድ የሕግ አንቀጽ ላይ ለግማሽ ሰዓት መቆም፣ ማንም ሳይሰማ የፍቅር ደብዳቤ ወይም የሐኪም ውጤት ማንበብ አይቻልም። የመጨረሻውን ትንሽ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። የራሱን የምርመራ ወረቀት ለማወቅ የጎረቤት ልጅ መጥራት ያለበት ሰው ምስጢር የለውም።

ስለ ብሬል ብዙ አልናገርም፤ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምትሠሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ገና በ15 ዓመቱ የቀመረው የስድስት ነጥብ ሥርዓት 63 ቅርጾችን ይሰጣል። የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ቤት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር ማለት ነው። ስድስት ነጥብ ይህን ሁሉ ለየብቻ ስለማይችል የአማርኛ ብሬል ተነባቢውን በአንድ ሕዋስ፣ ማለትም በአንድ የስድስት ነጥብ ቦታ፣ አናባቢውን በሌላ ሕዋስ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት በዓይን ሲታይ አራት ፊደል የሆነ ቃል በብሬል እስከ ስምንት ሕዋስ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ላይ የብሬል ወረቀት ወፍራም መሆኑንና ሕዋሱ የጣት ጫፍ የሚያህል ቦታ መፈለጉን ስትጨምሩ፣ አንድ ተማሪ በቦርሳው ይዞት የሚሄደው የታሪክ መጽሐፍ በብሬል ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ይህን የማነሳው ለሕግ አርቃቂው ነው፤ ከእንግሊዝኛ ልምድ ተወስዶ የሚመደብ የወረቀትና የኅትመት በጀት ለአማርኛ ያንሳል።

ወደ ሕጉ እንግባ። ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 340 መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ ዓይነ ስውራንንና በዘላቂ ሕመም ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሌሎች ሰዎችን አንድ ላይ ያነሳና፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል። በዘመኑ የነበረው አሳቢ አርቃቂ እንደ ቸርነት ቆጥሮት ይሆናል። በዛሬ ዓይን ሲታይ ግን አንድን ሰው በማየት አለመቻሉ ብቻ ከማስተዋል ችግር ጋር በአንድ ማዕድ ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ በላይ በዕለት ኑሮ የሚቆረቁረው አንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። የዓይነ ስውር ፊርማና ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ፣ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ፈራሚውን አያስገድደውም ይላል። ይህን ድንጋጌ በጥሞና እንየው። ዓላማው ጥበቃ ነው፤ ምን እንደፈረመ ሳያውቅ ቤቱን ያጣ ዓይነ ስውር እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍታል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ፊርማው የማያስገድደው ሰው ጋር ማን ውል ይገባል? አከራዩ ይጠረጥራል፣ አበዳሪው ይሸሻል፣ አሠሪው ሌላ ሰው ይመርጣል። ሒሳብ ሊከፍት ወይም ገንዘብ ሊያወጣ የሄደ ዓይነ ስውር ደንበኛ በአንዳንድ ባንኮች መስኮት ላይ «የሚያነብልህ ምስክር ይዘህ ና» የሚባለው፣ ወደ ውልና ማስረጃ የሚላከው፣ የኤቲኤም ካርድ የሚከለከለው ከዚህ አስተሳሰብ ጥላ ሥር ነው። ምስክር ሆኖ የመጣው ሰው ደግሞ የሒሳቡን መጠን አብሮ ያያል። ጥበቃው ራሱ ሰውየውን ለሌላ አደጋ አጋለጠው ማለት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ አንቀጽ ይሰረዝ ይላሉ። እኔ መሰረዙ ብቻ ይበቃል አልልም፤ ሳያነብ የፈረመ ሰው ዛሬም አለ፣ ነገም ይኖራል። የሕጉ ስህተት ጥበቃ መስጠቱ ሳይሆን ዓይነ ስውርን ማንበብ ከማይችል ሰው ጋር አንድ ማድረጉ ነው። መተኪያው ድንጋጌ መነሻውን ከሰውየው ዓይን ወደ ሰነዱ ማዛወር አለበት። ውሉን ያዘጋጀው ወገን፣ ባንክ ይሁን አሠሪ፣ ሌላው ተዋዋይ ራሱ ሊያነበው በሚችለው ቅርጽ፣ በብሬል ወይም በኮምፒዩተር በሚነበብ ጽሑፍ፣ አስቀድሞ መስጠቱ ከተረጋገጠ ፊርማው እንደማንኛውም ሰው ፊርማ ይጽና፤ ካልሰጠ ግን ጉዳቱ በአዘጋጁ ላይ ይውደቅ። እንዲህ ከሆነ ባንኩ ደንበኛውን የሚሸሽበት ምክንያት ሳይሆን ብሬል የሚያትምበት ምክንያት ያገኛል።

ይህን ለማድረግ አዲስ ፍልስፍና አያስፈልገንም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፣ የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው እንደሚቆጣጠሩና የባንክ ብድር በእኩልነት እንደሚያገኙ ይደነግጋል። አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 21 ስለ መረጃ፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲሆን፣ ይኸኛው የብሬል ትምህርት እንዲመቻችና ብሬል የሚያውቁ መምህራን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ፣ እንዲቀጠሩ በግልጽ ያዛል። ይሁን እንጂ የማጽደቂያ አዋጁ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ሰነድ ነው። አንድ የወረዳ ዳኛ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥርት ያለ አንቀጽና በዓለም አቀፍ ስምምነት አጠቃላይ ቃል መካከል ሲቆም ወደ ለመደው ቢያዘነብል አይገርምም። ስምምነቱን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የሚቃረኑትን የቀድሞ ድንጋጌዎች እየነቀሱ ማውጣት ደግሞ ገና የሚቀረን ሥራ ነው።

ሌሎቹን ሕጎች በአጭሩ ላንሳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳና እንዲያቋቁም ያዛል፤ ግን ግዴታውን በአቅም ገድቦታል፣ ቋንቋውም የእርዳታ ቋንቋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ሲያዝ በስም የጠራው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትንና ደረጃ መውጣት የማይችሉትን ነበር። በአሳንሰር ቁልፍ ላይ ስለሚቀመጥ ብሬል፣ ፎቁን በድምፅ ስለሚናገር አሳንሰር፣ በእግር ስለሚዳሰስ የወለል ምልክት የሚናገር ነገር አታገኙበትም። ስለዚህ መሐንዲሱ መወጣጫ ሠርቶ «ሕጉን ፈጽሜያለሁ» ቢል ሊከራከራችሁ ይችል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በአረቃቀቅ የተሻለ ሆኖ የማገኘው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ነው። መድልዎ ደረሰብኝ ያለ ሰው መነሻ የሚሆነውን ካቀረበ መድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። ይህ በሌሎቹ ሕጎቻችን የማይገኝ ትልቅ ነገር ነው። ድክመቱ ቅጣቱ ላይ ነው፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ዛሬ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ከአንድ የሻይ ግብዣ ወጪ ብዙም አይዘልም። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች የቢሮ፣ የስልክና የደንበኛ አገልግሎት ሥራ ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ አዋጅ ይሠራል። ማኅበሮቻችን ግን ከዚህ አዋጅ ተነስተው ክስ የመመሥረት ልምድ ገና አላዳበሩም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ መማሪያ መጽሐፍ እንምጣ። የትነበርሽ ንጉሤን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የዚሁ የደቡብ ወሎ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ብርሃኗን ካጣች በኋላ የተማረችው ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላም የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ስለ እሷ ስንናገር ጽናቷን እናወድሳለን፤ ተገቢም ነው። የሕግ አውጪው ጥያቄ ግን ሌላ መሆን አለበት፤ አንዲት የሳይንት ሕፃን ነጥብ በጣቷ ለመለየት ከቤተሰቧ ተለይታ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለጋት? እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ያሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለአገሪቱ ምሁራን አፍርተዋል። በየመንደሩ የቀሩትን ልጆች ሁሉ ግን ሊያስገቡ አይችሉም። ዛሬ ፖሊሲው አካቶ ትምህርት ብሎ ልጁን በመንደሩ ትምህርት ቤት ያስቀምጠዋል፤ ብሬል የሚያውቅ መምህርና የብሬል መጽሐፍ ካልተከተሉት ግን ልጁ ከሚያዩት ጋር አብሮ ተቀመጠ እንጂ አብሮ ተማረ አይባልም። ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስማ ሥዕልና ምልክት ይበዛባቸዋል ተብሎ ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከጅምሩ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይገፋሉ፤ የሒሳብ ብሬል ግን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የሌሎች አገሮችን ሕግ ማየት ይጠቅማል። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ ሰው ብሬልን የመጠቀም መብት እንዳለው በስሙ ጠርቶ ይደነግጋል። አሜሪካውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ አንድ ረቀቅ ያለ ለውጥ አደረጉ፤ ማየት ለተሳነው ልጅ ብሬል ማስተማር መነሻ እንዲሆንና፣ አይገባውም የሚል ካለ ተገምግሞ እንዲረጋገጥ አዘዙ። ክርክሩ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ወላጅ «ለልጄ ብሬል ይገባዋል» ብሎ የሚለምንበት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ «አይገባውም» ካለ የሚያስረዳበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አሳታሚዎች የመማሪያ መጽሐፉን ዲጂታል ፋይል በተወሰነ ቅርጽ ለአንድ ብሔራዊ ማዕከል እንዲያስገቡ የሚያደርግ ሥርዓት ዘረጉ። ብሬል የሚያትመው ክፍል መጽሐፉን እንደገና ከመተየብ ዳነ።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ከማንም በላይ ቀላል ነው። የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁት በክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃዎቹ በትምህርት ሚኒስቴር ነው። የግል አሳታሚን ፈቃድ የምንለምንበት ጉዳይ የለም፤ ባለቤቱ መንግሥት ራሱ ነው፣ ፋይሉም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ። የሚጎድለው መጽሐፉ ለኅትመት በሚሄድበት ዕለት ፋይሉ ለብሬል ክፍሉ እንዲተላለፍ የሚያዝ አንድ የክልል ደንብ ነው። ደንቡ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ለመውጣት የፌዴራል ፓርላማን አይጠብቅም።

ለግል አሳታሚዎች መጻሕፍት ደግሞ የማራካሽ ስምምነት አለ። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ከሚታተመው መጽሐፍ ለዓይነ ስውራን በሚነበብ ቅርጽ የሚወጣው ከአሥር በመቶ በታች መሆኑን ሲናገር ኖሯል። የዚህ አንዱ ምክንያት የቅጂ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀላቀለችው ስምምነት፣ እውቅና ያለው ተቋም ያለ ደራሲው ፈቃድ መጽሐፉን ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ትልቅ ፊደል ለውጦ ለዓይነ ስውራን እንዲሰጥ፣ ከሌላ አገር ተመሳሳይ ተቋምም ጋር እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ በናይሮቢ በብሬል የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደሴ ላይ እንደገና መሠራት የለበትም። በዓለም አቀፍ የፖስታ ስምምነት መሠረት ለዓይነ ስውራን የሚላክ ጽሑፍ ከፖስታ ክፍያ ነፃ መሆኑንም ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም። ሆኖም የማራካሽ ስምምነት የሚፈቅድ እንጂ የሚያዝ አይደለም፤ በሩን ይከፍታል፣ መጽሐፉን አይሠራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል አገልግሎት፣ ለጥቅስ፣ ለማስተማርና ለቤተ መጻሕፍት የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎችን እንደዘረዘረ፣ የዓይነ ስውራንም በዚያው ዝርዝር በጉልህ መግባት አለበት፤ እውቅና የሚያገኙት ተቋማት እነማን እንደሆኑም በሚወጣ ደንብ መታወቅ አለበት። በክልላችን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የዓይነ ስውራን ማኅበር ቅርንጫፍ የመጀመሪያዎቹ ቢሆኑ እመኛለሁ።

ስለ ኮምፒዩተርና ስልክ ጥቂት ልጨምር፤ ወጣቶቹ የሚጠብቁት ይህን እንደሆነ አውቃለሁና። ዛሬ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ድምፅ ሰው ሠራሽ ለዛ ቢኖረውም አማርኛ ያነባል። መሣሪያው አለ፣ ችግሩ የሚነበበው ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ በአሮጌ የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየቢሮው ይገኛሉ፤ እነሱን ስክሪን ሪደር ሲያነባቸው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናሉ። ከዚህ የሚብሰው ፎቶ የተነሳ ሰነድ ነው። የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች ብዙዎቹ በፎቶ መልክ ስለሚሠራጩ ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ናቸው። ስለ አካል ጉዳተኞች የወጣውን አዋጅ አካል ጉዳተኛው ራሱ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚል መንግሥት፣ ሕጉን በሚነበብ ቅርጽ ማውጣቱ ቢያንስ ለራሱ መርሕ ሲል የሚገባው ነው። ይህ ደግሞ አንድ ብር አያስወጣም፤ ሰነዱ መጀመሪያ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነውና፣ ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት ተመልሶ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ የሚነበብ ነበር።

ከተሞቻችን ከማንም ሳይጠብቁ ሊያደርጉ የሚችሉት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲመታ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ንብረታቸውን አጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር እንደ አዲስ ተገዝቷል፣ ገናም ይገዛል። የግዥ ዝርዝር መግለጫ ላይ «ስክሪን ሪደር ያለው»፣ «በድምፅ የሚመራ»፣ «የብሬል ቁልፍ ያለው» የሚሉ ቃላት መጨመር የከተማው አስተዳደር ሥልጣን ነው፤ አንድ ጊዜ ያለነዚህ የተገዛ ዕቃ ለዓሥር ዓመት እንደተዘጋ በር ይቆያል። በሆስፒታሎች የተራ መጠበቂያ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በድምፅም እንዲጠራ ማድረግ፣ የውሃና የመብራት ክፍያ ማስታወቂያ በአጭር የጽሑፍ መልእክት በስልክ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ክዳን የሌለውን ቦይ መክደን፣ እነዚህ ሁሉ በከተማ ምክር ቤት ውሳኔ የሚያልቁ ናቸው። ቦዩን ከንባብ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚደርሰው በእግር ነው እላለሁ።

አቅም የለንም የሚለው መከራከሪያ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ከበጀት ቢሮ የመጣችሁ እንግዶች ጽፋችሁት ይሆናል። የብሬል ማተሚያ ውድ ነው፣ ወረቀቱም ከውጭ ይገባል፤ ይህን አልክድም። ለዚህም ቀረጥን የማንሳት ጥያቄ በይፋ መቅረብ አለበት። ግን ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ስንቱ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ቁጠሩልኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ ማሻሻል፣ ፋይል ማስተላለፍ፣ ሰነድን በዩኒኮድ ማውጣት፣ የግዥ ዝርዝር መግለጫ ላይ መስመር መጨመር፣ የማስረዳት ሸክምን ማዛወር ከወረቀትና ከቀለም በላይ ወጪ የላቸውም። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለመምህራን ሥልጠናና ለብሬል ኅትመት ነው፤ እዚያ ላይ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ተቀባይነት የሚኖረው በየዓመቱ ምን ያህል እንደተመደበ ለምክር ቤት ሪፖርት የሚቀርብ ከሆነ ብቻ ነው።

ለውይይቱ እንዲሆን የክልሉ ምክር ቤት ሊያየው የሚችል አንድ አንቀጽ አርቅቄ መጥቻለሁ፤ ልብ ብላችሁ ስሙልኝ። «ማንኛውም የክልሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚያወጣውን ጽሑፍ፣ በሚያወጣበት ዕለት፣ በስክሪን ሪደር በሚነበብ ቅርጽም የማውጣት፣ ባለጉዳይ በብሬል ሲጠይቅም በተወሰኑ የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ግዴታው አልተፈጸመም የሚል አቤቱታ ሲቀርብ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ጽሑፉን ያላገኘ ባለጉዳይ የይግባኝና የቅሬታ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ሊያነበው በሚችለው ቅርጽ ከደረሰው ቀን አንሥቶ ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከመቀጮ ይልቅ ይሠራል ብዬ የማስበው ነው፤ ውሳኔው እንዲጸናለት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ብሬሉን ሳይለመን ያትማል። የሥራ ቀናቱን ቁጥር ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ። ብሬል የምታትሙት እናንተ ስለሆናችሁ፣ አንድ የሦስት ገጽ የፍርድ ቤት መጥሪያ በስንት ቀን እንደሚደርስ ከእናንተ ሰምቼ ብሞላው ይሻላል። የግል አሳታሚዎችም በዚህ አንቀጽ አልገቡም፤ ትንሹን ማተሚያ ቤት ብሬል አትም ማለት ከገበያ ማስወጣት ስለሆነ፣ ለእነሱ ፋይሉን እውቅና ላለው ተቋም የማስረከብ ግዴታ ብቻ ይበቃል የሚል አቋም አለኝ። የማትስማሙ ካላችሁ ክርክሩን ከዚሁ እንጀምር።